ድምፅ ከመስጠት በፊት፤ «ማን ነህ? ምንስ ትላለህ?»

ከወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የያዘ መንገደኛ ጎብዬን ካለፈ በኋላ ሮቢት ይደርሳል። በምዕራብ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ የሚያወጡት ተራሮች እንደ ግንብ ቆመዋል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፤ በመካከላቸው የተዘረጋው ሜዳ ማሽላውና ጤፉ የሚበቅልበት የራያ ቆላ ነው። የዚህ አገር ሰው ከብት ያውቃል። ገበሬው በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ሻጩ የሚያወራለትን ምስጋና ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማና ወደ ሥራው ይገባል። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ ጥቂት አስሂዶ አረማመዱን ይመለከታል። «ለምን ትሸጠዋለህ? ከማንስ ነው የገዛኸው?» ብሎ ይጠይቃል። ዋስ ሳይጠራም ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም።

ሰውን ከበሬ ጋር ማወዳደር ነውር እንደ ሆነ እናውቃለን። ዳሩ ግን ከዚህ የባሰ ነውር አለ። ለአንድ በሬ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ሰው፣ በመሬቱና በግብሩ ላይ ሕግ የሚያወጣለትን፣ ለአምስት ዓመት በእርሱ ስም የሚናገርለትን እንደራሴ ሲመርጥ አረማመዱን እንኳ ሳያይ ይቀራል። የእጩው ሥዕል በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ያያል፤ ምልክቱን ይለያል፤ ንግግሩን ይሰማል፤ ከዚያም ወረቀቱን ከሳጥኑ ይከታል። ጥያቄው የሚመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ነገሩ ካለፈ ወዲያ ነው።

በራያ ቆቦ «ዘወልድ» የሚባለው የእርቅ ሥርዓት ደም የተቃቡ ወገኖችን በማስታረቅ የታወቀ ነው። እንዲህ ላለው ከባድ ጉዳይ አፉ የቀና ሁሉ ለሽምግልና አይጠራም። የሚጠራው ኖሮ የታየ፣ ቃሉን የጠበቀ፣ በወዳጁም ላይ ቢሆን እውነት የሚፈርድ ሰው ነው። እንግዲህ የአገሩ ሰው እጩን እንዴት እንደሚመረምር ከሩቅ አገር መማር አያስፈልገውም፤ በገበያና በሽምግልና የሚያውቀውን ልማድ ወደ ምርጫው ይዞ መምጣት ብቻ ይበቃዋል።

እጩ የሚመረመረው በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው «ማን ነህ?» የሚል ሲሆን፣ ይህም ትውልዱን ብቻ ሳይሆን ሥራውን፣ ሀብቱንና አኗኗሩን ይመለከታል። ሁለተኛው «ምን ትላለህ?» የሚል ሲሆን፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ሰላም ያለውን አቋም ይጠይቃል። ብዙ ሰው ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ያያቸዋል። የአገራችን የምርጫ ታሪክ የሚያስተምረው ግን የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ውስጥ እንደሚገኝ ነው። ይህን ለማስረዳት ሕዝቡ እንደራሴውን በራሱ ድምፅ መምረጥ ወደ ጀመረበት ዘመን እንመለስ።

ሺሕ ብር ያለው ይቅረብ

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ፓርላማ እንዲቆም አድርጎ ነበር። ሆኖም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ በሚል ምክንያት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባሎች የሚመርጡት መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ነበሩ። ሕዝቡ በቀጥታ ድምፁን እንዲሰጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ፓርላማው ሁለት ክፍል ነበረው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባሎች በሕዝብ ይመረጣሉ። ወንድም ሆነ ሴት፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላውና በምርጫው ክልል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ድምፅ መስጠት ይችል ነበር። ለየ200,000 ሕዝብ የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴዎች ይመደባሉ፤ የሥራ ዘመናቸውም አራት ዓመት ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1950 ዓ.ም. መግቢያ፣ በመስከረም ወር ነበር። ቀጥሎም በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም. ምርጫዎች ተደርገዋል። ሮቢት በዚያን ዘመን በወሎ ጠቅላይ ግዛት በራያና ቆቦ አውራጃ ውስጥ ነበረች። ድምፅ መስጠት የሚለው ነገር ለገበሬው አዲስ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በላዩ የሚሾምበትን እንጂ እርሱ የሚመርጠውን ሰው አላየም ነበርና።

ነገር ግን ለመራጭ የተከፈተው በር ለተመራጭ የዚያን ያህል አልሰፋም። እጩ ለመሆን 25 ዓመት መሙላት፣ በዚያው የምርጫ ክልል ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ ከዚህም በላይ ሀብት ያስፈልጋል። እጩው በምርጫው ክልል ውስጥ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ይኸውም መሬት ወይም ቤት፣ አለዚያም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ፣ አንድ ጥንድ በሬና አንዲት ጎጆ ብቻ ያለችው ሰው ድምፁን ይሰጣል፤ እርሱ ራሱ ግን ሊመረጥ አይችልም።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ሀብት ያለው ሰው ለአገሩ ጸጥታ ያስባል፤ በቀላሉም በጉቦ አይደለልም የሚል አስተያየት ጥንት የነበረ ነው። የእንግሊዝ አገር ሰዎችም እንዲሁ አስበው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1710 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ከአውራጃ የሚመረጥ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል በዓመት 600 ፓውንድ፣ ከከተማ የሚመረጠው ደግሞ 300 ፓውንድ ከመሬት የሚያገኝ ሰው መሆን ነበረበት። በ1838 ተነሥተው መብታቸውን የጠየቁት የእንግሊዝ ሠራተኞች ካቀረቡአቸው ስድስት ጥያቄዎች አንዱ ይህ የሀብት መለኪያ ይቅር የሚል ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1858 ነው። እንዲህ ስለ ሆነ እኛ የጀመርነው እነርሱ ከተዉት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ነው።

ሌላም ነገር ነበረ። በዚያ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። እጩው የሚቆመው በገዛ ስሙ እንጂ በማኅበር ወይም በፕሮግራም አይደለም። «እኔ ብመረጥ ስለ ጭሰኛው ይህን አደርጋለሁ፤ ስለ ግብሩ ይህን እላለሁ» የሚል የታተመ ቃል የለም። መራጩ የሚያውቀው የሰውየውን ቤተሰብ፣ ማዕረጉንና መሬቱን ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ጥያቄዎች አንዱ ብቻ ተጠየቀ፤ እርሱም ቢሆን «ምን ያህል አለህ?» በሚል ጠባብ መልክ ነበር።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ባለመሬቱ ነው

ከዚህ ሁሉ የተነሣ የሆነው ነገር የሚያስገርም አይደለም። ከእንደራሴዎቹ መካከል መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የነበሩ ቢኖሩም ብዙዎቹ ባለመሬቶችና በአገራቸው የታወቁ ባላባቶች ነበሩ። እነርሱንም መንቀፍ ብቻ አይገባም። ምክር ቤቱ ዓመት በዓመት እየደፈረ ሄዶ ሚኒስትሮችን እስከ መጠየቅ፣ በበጀትም ላይ እስከ መከራከር ደርሷል። ዳሩ ግን የመሬት ነገር ሲነሣ የሰውየው አቋም ከሰውየው ርስት ጋር አብሮ ይቆማል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሬቱን በምርት ድርሻ ያከራየ ባለመሬት ከምርቱ ከሦስት አራተኛ በላይ እንዳይወስድ ይከለክል ነበር። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ። ከአራት ቁና ጤፍ ሦስቱን ባለመሬቱ ቢወስድ ሕግ አልተጣሰም ማለት ነው! አራሹ ከቀረችው አንዲት ቁና ላይ ዘሩንም፣ የልጆቹንም ጉርሥ፣ የበሬውንም ዕዳ ያወጣል።

ጭሰኛው ያለ ምክንያት ከመሬቱ እንዳይነቀል፣ ድርሻውም እንዲሻሻል የሚያደርግ ሕግ እንዲወጣ ብዙ ተወራ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የወጡት ይኸው የጭሰኛ ነገር በምክር ቤት በተነሣበት ጊዜ ነው። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታን ጉዳይ የሚይዝ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመ። የሕግ ረቂቅም ተዘጋጅቶ ወደ ምክር ቤት ቀረበ። ከዚያም በኋላ ረቂቁ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየተላለፈ ሳይጸድቅ ቀረ። ዘውዳዊው መንግሥት በ1967 ዓ.ም. መግቢያ እስኪወድቅ ድረስ የጭሰኛው ሕግ አልወጣም። አንድ ሰው የራሱን ጎተራ የሚያጎድል ሕግ በገዛ እጁ እንዲያጸድቅ መጠበቅ ለፍየል ጎመን አስጠብቆ እንደ መተኛት ነው።

ነገሩ ሁሉ የሀብታምና የድሃ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ የጎጃም ታሪክ ያሳያል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የሚባለው አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ቀድሞ አልተጠየቀም፤ በደንብም አልተነገረውም። ግብሩ ርስቴን ለመለካትና ለመውሰድ የመጣ ነው ብሎ ጠረጠረና ተነሣ። ጦር ዘመተበት፤ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻው መንግሥት ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ውዝፉን ግብር ማረ። በመንግሥትና በገበሬው መካከል ቆሞ የዚህንም ቃል ወደዚያ፣ የዚያንም ቃል ወደዚህ የሚያደርስ እንደራሴ ቢኖር ኖሮ ስንት ነፍስ በዳነ ነበር! እንደራሴ ማለት ከሁሉ በፊት ይህ ነው።

ርስት ሳይሆን ሥራ የመሰከረላቸው ወይዘሮ

በዚያ የመጀመሪያ ምርጫ አንድ ለየት ያለ ነገር ሆኖ ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። የሀብት መለኪያው ለሁሉ አንድ ነበርና እርሳቸውም በእርሱ አልፈዋል። ነገር ግን ስማቸውን ያስጠራው የመሬታቸው ስፋት አይደለም።

ወይዘሮ ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በ1908 ዓ.ም. ተወልደው በስዊስና በፈረንሳይ አገር ተምረዋል። በጠላት ወረራ ጊዜ ተይዘው አሲናራ በምትባለው የኢጣልያ ደሴት ከታሰሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ነበሩ። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ በመምህርነት አገልግለው የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ ድርሰትና ቴአትርም ጻፉ። ለፓርላማ ሲቀርቡ «ለሴት ልጅ ትምህርት አስባለሁ» ብለው መማል አላስፈለጋቸውም። የትምህርት ቤቱ ደወል ለዓመታት ሲናገርላቸው ነበር።

የአንድን እጩ የኋላ ታሪክ መመርመር የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። የዘር ሐረግ ለመቁጠር ወይም ያለፈ ኃጢአት ለመልቀም አይደለም። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ወንበር ሳይሰጣቸው በፊት፣ ማንም ሳያስገድዳቸውና ካሜራ ሳያያቸው ምን ይሠሩ እንደ ነበረ ለማወቅ ነው። ተስፋ ለመስጠት አፍ ይበቃል፤ ታሪክን ለመሥራት ግን ዕድሜ ይፈልጋል።

በረኃብ መካከል የተደረገ ምርጫ

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። አምስተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ የተደረገው በሰኔ 1965 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወራት ወሎ በታላቅ ድርቅና ረኃብ ውስጥ ነበረ። ከደሴ ተነሥቶ በወልድያና በቆቦ፣ በአላማጣ አድርጎ ወደ ኮረም በሚወጣው አውራ ጎዳና ዳር ከቤቱ የተፈናቀለ ሕዝብ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ከብቱን የጨረሰ፣ ዘሩን የበላ፣ መሬቱን ለእህል የለቀቀ ገበሬ ብዙ ነበር። መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ቆየ፤ ለዓለም የታወቀው በ1966 ዓ.ም. መግቢያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በታየ ጊዜ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ በኩል የድምፅ ሳጥን ቆሟል፤ እጩዎች ተመዝግበዋል፤ ለመመረጥ የሺሕ ብር ንብረት ተጠይቋል። በሌላ በኩል መንገድ ዳር የተቀመጠው ሰው ንብረቱ ያለቀበት ነው። በዚያ ምርጫ ስለ እርሱ ሊናገር የሚችለው ሰው፣ ማለትም ረኃቡን በራሱ ቤት ያየው ሰው፣ በሕጉ መሠረት እጩ ለመሆን እንኳ አይበቃም ነበር። ንብረቱ ባለቀበት ቀን መመረጥም አለቀበት። ይህን ያህል ነው የእጩ መመዘኛ ነገር የሚመዝነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ፓርላማውም ተዘጋ። ለዓመታት በምክር ቤት የዘገየው የመሬት ነገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ አዋጅ ተቆረጠ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ተወሰነ። ገበሬው መሬት አገኘ፤ ነገር ግን በምርጫ ያገኘው አይደለምና ቃሉ አሁንም አልተሰማም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በዚያው መንገድ ተመልሶ ሲመጣ፣ ኮረም እንደ ገና በዓለም ፊት ስትታይ፣ ስለ እርሱ የሚጠይቅ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበረም። በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባሎች ሲመረጡ የሀብት መለኪያው ቀርቷል፤ በምትኩ እጩዎቹን የሚያቀርቡት ብቸኛው ፓርቲ፣ በሥሩ ያሉት የብዙኃን ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ሆኑ። «ምን ያህል አለህ?» የሚለው ጥያቄ ቀረና «የማን ወገን ነህ?» የሚለው ተተካ። «ምን ሠራህ? ምንስ ታስባለህ?» የሚለው አሁንም ሰሚ አላገኘም።

የክልሉ እንደራሴ ምን ይችላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አገሪቱን በፌዴራል ሥርዓት አዋቅሮ ለየክልሉ የራሱን ምክር ቤት ሰጠ። 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ድምፅ ይሰጣል፤ የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው፤ ለመመረጥ የሺሕ ብር መሬት አይጠየቅም። ስለዚህ መመርመር ቀድሞ የሕጉ ሥራ ከነበረ አሁን የመራጩ ሥራ ሆኗል ማለት ነው። ሮቢትም በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን፣ በራያ ቆቦ ወረዳ ውስጥ ስለሆነች ወደ ሁለት ምክር ቤቶች እንደራሴ ትልካለች፤ አንደኛው በአዲስ አበባ፣ ሌላው በባሕር ዳር ይሰበሰባል።

ብዙ እጩ የሚያታልለው የምክር ቤቱን ሥልጣን መራጩ ባለማወቁ ነው። የማይችለውን ነገር ቃል ይገባል፤ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ዓይነት ነው። የክልሉ ምክር ቤት የክልሉን ሕግ ያወጣል፤ የክልሉን በጀት ያጸድቃል፤ የፌዴራሉን ሕግ ተከትሎ የገጠር መሬት የሚተዳደርበትን ደንብ ይወስናል። የአማራ ክልል በ1998 በኋላም በ2009 ዓ.ም. ያወጣቸው የገጠር መሬት አዋጆች የዚህ ምሳሌ ናቸው። የባልና የሚስት ስም በአንድነት የሚጻፍበት የይዞታ ደብተር የመጣው በእንዲህ ያለው ሕግ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ደብተሯን ይዛ መሬቷን ስታስከብር፣ በባሕር ዳር የተነሣ እጅ ሮቢት ድረስ ደረሰ ማለት ነው።

መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ክልልን ከክልል የሚያገናኝ አውራ ጎዳና፣ ከክልል ወደ ክልል የሚሻገር ወንዝ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የጎሊና ወንዝ ከደጋው ወርዶ፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ አፋር ይሄዳል። ለክልል ምክር ቤት የቀረበ እጩ «ጎሊናን እገድባለሁ» ቢል፣ «ልጄ፣ ወንዙ ከዚህ ወዲያ የሚሄድበትን አገርስ ማን ያነጋግርልሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ሽማግሌ ትክክለኛውን ቦታ ነክቷል።

ሮቢት ምን ትጠይቅ?

በሮቢት አገር የሁሉ ነገር ራስ ውሃ ነው። ዝናቡ አንዳንድ ዓመት ይቀራል፤ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ከምዕራቡ ተራራ በጎርፍ ይመጣል። ገበሬው ከአባቶቹ በወረሰው ጥበብ ጎርፉን ከመንገዱ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባል። ይህም የራሱ ክርክር አለው፤ ከላይ ያለው ሲጠጣ ከታች ያለው ይጠማል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት የከርሰ ምድር ውሃ በጉድጓድ እየወጣ ለመስኖ ውሏል። ስለዚህ ለእጩው የሚቀርበው ጥያቄ «ውሃ ታመጣለህ ወይ?» የሚል ሊሆን አይገባም። ለዚህ «አዎን» ማለት ቀላል ነው። ይልቁንስ፣ ሞተሩ ሲሰበር የሚጠገንበት ገንዘብ ከየትኛው በጀት ይወጣል? የላዩና የታቹ ገበሬ ውሃውን በምን ደንብ ይካፈላል? ጉድጓዱ እየበዛ ሲሄድ ውሃው እንዳያልቅ ማን ይለካዋል? ተብሎ ይጠየቅ። እነዚህን የመለሰ እጩ አቋም አለው፤ ዘፈን ብቻ ያሰማ አቋም የለውም።

ሁለተኛው መሬት ነው። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ የተወለደው ልጅ ዛሬ አባት ሆኗል፤ የእርሱም ልጅ ጎልምሷል። መሬቱ ግን አልተወለደም። ለሦስተኛው ትውልድ የሚደርሰው ምንድን ነው? ይዞታን ማከራየት እስከ ምን ድረስ ይፈቀድ? ወጣቱ ወደ ሌላ ሥራ እንዲገባ የክልሉ በጀት ምን ያህሉን ለዚህ ያውል? እዚህ ላይ የፊተኛው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። እጩው ራሱ ምን አለው? የየትኛው ውሳኔ ተጠቃሚ ነው? ሀብት ያለው አይመረጥ ማለታችን አይደለም፤ ሀብቱ ከታወቀ ግን አንደበቱ በየት በኩል እንደሚያዘነብል ይታወቃል።

ሦስተኛው ሰላም ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አጠቃላይ ምርጫ በተደረገ በወሩ ገደማ ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ አገሩ በመከራ ቆየ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጦርነቱ ተመልሶ መጣ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሰው አለቀ፤ ጤና ጣቢያና የመስኖ ዕቃ ተዘረፈ፤ ተሰበረ። ከዚያም በኋላ ክልሉ ከግጭት አላረፈም። ስለዚህ ለእጩው «በዚያ ጊዜ የት ነበርክ? ለጎረቤትህስ ምን አደረግህ?» ብሎ መጠየቅ ቂም አይደለም፤ ጥርስ ማየት ነው። «ከእንግዲህስ ተኳርፈው ያሉትን ለማቀራረብ ምን ትላለህ?» የሚለውም አብሮት ይሂድ።

አራተኛው ስለ ራሱ ስለ ወንበሩ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕዝብ ተወካይ ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው፤ መራጩ እምነት ባጣበት ጊዜም በሕግ መሠረት ከወንበሩ ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ «ፓርቲህ አንድ ነገር ቢልህ፣ የሮቢት ሰው ሌላ ቢልህ፣ እጅህን ወዴት ታነሣለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። «በዓመት ስንት ጊዜ ተመልሰህ የሠራኸውን ትነግረናለህ?» ተብሎም ይጠየቅ። መልሱ በምስክር ፊት ይሰማ። የሚጽፍ ልጅ ካለ በደብተሩ ይጻፈው፤ ለሚቀጥለው ምርጫ ይፈለጋልና።

ይህን ሁሉ ማድረግ በራያ ሰው ዘንድ ድፍረት ሆኖ አይቆጠርም። እንግዳው በሚገባ ይቀበላል፤ ቡናው ይፈላል፤ ምርቃቱም ይቀድማል። ከምርቃቱ በኋላ ግን ጥያቄው ይምጣ። ለእጩውም ቢሆን ይሻለዋል፤ በውል ተመርምሮ የተመረጠ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ «የላኩኝ ሰዎች ይህን ብለውኛል» ብሎ ለመናገር ወኔ ያገኛል።

ያ ገበሬ ከገበያ የገዛው በሬ ሰነፍ ሆኖ ቢያገኘው ነገሩ ቶሎ ይቃናል፤ ዋሱን ይጠራል፣ ወይም በሚቀጥለው ገበያ ይሸጠዋል፤ ጥፋቱ ቢበዛ የአንድ ክረምት እርሻ ነው። ሳይመረመር የተመረጠ እንደራሴ ግን አምስት ክረምት ይቆያል። በአምስት ክረምት ውስጥ ስንት ጎርፍ እንደሚወርድ፣ ስንት ጉድጓድ እንደሚደርቅ፣ ስንት ልጅ እንደሚጎለምስ የሮቢት ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል።